ግድግዳው እና የመጋቢት ተራ

ኅዳር 12፣ ከሥራ መልስ

ይድረስ ማሊያ በማጠብ ስሟ ለተነሣው ሚስቴ፣

በዚህ ከተማ ውስጥ እንደ እኔ አድርጎ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው የለም። እሺ፣ ከተማው ሰፊ ነው፤ በሰፈራችን ልበል። ሰፈራችን ውስጥም ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፤ እንግዲያው በማታ ትምህርት ክፍላችን ልበል። ከክፍሉም ከኋላው ወንበር። ከዚያ በታች ግን አልወርድም።

ይህን ደብዳቤ በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። እስካሁን የደረሱሽን ሁሉ የሚጽፍልኝ የድርጅታችን ጸሐፊ እንደነበረ ታውቂያለሽ። እኔ "ናፍቀሽኛል፣ ቤቱ ጭር ብሏል" ስለው እሱ "ሁኔታው አሳሳቢ ደረጃ ላይ መድረሱን እንገልጻለን" ብሎ ይጽፋል። አንድ ቀንማ ማኅተም ሊመታበት ሲል እጁን ያዝኩት። ከእንግዲህ በእኔና በአንቺ መካከል ጸሐፊ የለም። የተሳሳተ ፊደል ካገኘሽ ቸኩዬ ነው፤ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም።

ለጤናሽ እንዴት ነሽልኝ? እጅሽስ? ሳሙናው አሁንም ይቆርጥሻል? እኔ ደህና ነኝ። ቫርኒሹ ከጥፍሬ ሥር አልወጣ አለ እንጂ ሌላ ችግር የለብኝም። መስኮቱ እንደተውሽው ነው፣ አይዘጋም። በአሮጌው ሸሚዜ ወትፌዋለሁ።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። የምትሠሪበት የስፖርት አዳራሽ ውልሽን ለሁለት ዓመት እንድታድሺ ሊጠይቅሽ ነው፤ መጋቢት ሳያልቅ መልስ ይፈልጋል። ከመፈረምሽ በፊት ፊት ለፊት ተቀምጠን እንድንነጋገር ትፈልጊያለሽ፤ "በደብዳቤ የሚያልቅ ነገር አይደለም" ብለሻል። ልክ ነሽ። አንድ ዓመት ያለ አንቺ ስኖር ከምቀባቸው ወንበሮች ጋር ማውራት ጀምሬያለሁ። ሁለት ዓመት ሲጨመር ወንበሮቹ መመለስ ይጀምራሉ።

ክፉው ወሬ ይኸውልሽ፤ የዓመት ፈቃድ ተራ ዕጣ ወጣ፣ ለእኔ የደረሰኝ ነሐሴ ነው።

አትደንግጪ። እዚህ እንጨት ቤት ተራ በውርርድ ይቀያየራል። ካሸነፍኩህ የአንተን ተራ እወስዳለሁ፣ አንተ የእኔን ትወስዳለህ፤ ሳንቲም የለበትም። ድሮ በእግር ኳስ ነበር። ዓምና ሁለት አናጢዎች ተጣሉና አንደኛው ወንበር አንሥቶ ሌላውን አናቱን ሲለው ወንበሩ ተሰበረ። አለቃ የተናደደው በጠቡ መሰለሽ? "የእኛ ወንበር በሰው ጭንቅላት ይሰበራል?" ብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ እግር ኳስ ተከለከለ፤ ማንም ደም የማይፈላበት ጨዋታ ተፈልጎ የእጅ ኳስ ተገኘ። ቅዳሜ ቅዳሜ ውጤቱን በሬዲዮ እንሰማለን።

አሁን አስቢው። እግር ኳስ ላይ ሁሉም አዋቂ ነው። የእጅ ኳስ ላይ ግን እዚህ ሰው የሚያውቀው ኳሷ በእጅ እንደምትወረወር ብቻ ነው። ሬዲዮኑ የሚያወራለትን ቡድን ማሊያ የምታጥበው ደግሞ የማን ሚስት ናት? ስለዚህ ጻፊልኝ፤ ማን አነከሰ፣ ማን ታመመ፣ ማን ከማን ጋር ተኳረፈ። በተለይ ስለ በረኛው። ሙጫ የሚያፈሉት ሽማግሌ፣ ጋሽ ሙጫ፣ "መጀመሪያ ስለ በረኛው ጠይቅ" ብለውኛል።

የአንቺው፣
በእጁ የጻፈው


ታኅሣሥ 3

ይድረስ ከኋላ ወንበር ለሚቀመጠው ጸሐፊ፣

ደብዳቤህን ቆሜ ነው ያነበብኩት፣ ማሽኑ እየዞረ። ፖስታውን ሳልከፍት የአንተ እንደሆነ አወቅኩ። ጽሕፈትህን አይቼ አላውቅም፤ ግን አድራሻው ወደ ላይ ሽቅብ ይወጣል፣ ልክ እንደ ጉራህ። አለቃዬ "ምን ያስቅሻል?" አለችኝ። "ባሌ መጻፍ ቻለ" አልኳት። "ታዲያ ያስቃል?" አለች። አታውቅህም።

እጄ ደህና ነው። መስኮቱን በዚያ ሸሚዝ መወተፍህን ግን አልወደድኩትም፤ ቁልፉን እኔ ነበርኩ የተከልኩት።

ስለ በረኛው ጠይቀሃል። ግድግዳው ነው የሚሉት። እኔ አንድም ጨዋታ በዓይኔ አላየሁም፤ እነሱ ሲጫወቱ እኔ ምድር ቤት ነኝ፣ ጩኸቱ በቧንቧው በኩል ነው የሚደርሰኝ። ግን ልብሱ ይነግረኛል። ኳሷ እንዳታመልጣቸው ጣታቸውን ማጣበቂያ ይቀባሉ፣ ማር የመሰለ። ብዙ ኳስ የያዘ ልጅ ማሊያው ደረቱ ላይ ተጣብቆ ይመጣል። ተቀምጦ የዋለ ደግሞ ማሊያው ንጹሕ ነው፤ ስመልስለት ቀና ብሎ አያየኝም።

የግድግዳው ሱሪ በዚህ ሰሞን ግራ ጉልበቱ ብቻ ነው የተፋቀው። ቀኙ አዲስ እንደሆነ አለ። በቀኝ በኩል አይወድቅም ማለት ነው። የማሊያው ቀኝ ትከሻ ደግሞ የመታሻ ቅባት ይሸታል። በሚቀጥሉት ሳምንታት ከተወራረድክ ይሸነፋሉ ብለህ ተወራረድ።

በየሳምንቱ ግን አፍህን አትክፈት። ልብሱ የነገረኝን ሳምንት ብቻ እጽፍልሃለሁ። ልብሱ ዝም ያለ ጊዜ አንተም ዝም በል። ለአንተ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስለ መጋቢት ስትል ቻለው።

ያ ማጣበቂያ በሳሙና አልለቅ ብሎ አስለቅሶኛል። ጋሽ ሙጫ መላ ካላቸው ጠይቅልኝ።

ሚስትህ


ጥር 8፣ እሑድ

ይድረስ ከልብስ ጋር ለምትነጋገረው፣

ወንበሩ ላይ ተቀምጠሽ አንብቢው። መጋቢት እጄ ገብታለች!

በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ሰኔን ከበር ሠሪው ወሰድኩ። ቀጥሎ በላክሽው ደግሞ፣ ግራኙ ልጅ ማሊያው ከአንገት እስከ እንብርት በማጣበቂያ ተሞልቶ መጣ ባልሽው፣ ያሸንፋሉ ብዬ መጋቢትን ከመጋዘን ጠባቂው ቀማሁ። ሰውዬው ሬዲዮኑን አዟዙሮ አየው፣ የተሳሳተ እንደሆነ ብሎ። አሁን ሠራተኛው ሁሉ ምክር ይጠይቀኛል። አስተምራቸዋለሁ፤ "ቡድኑን ስለወደድከው አትወራረድለት፣ ስለጠላኸው አትወራረድበት፤ ልብህን ቤትህ ትተኸው ና" እላቸዋለሁ። ጋሽ ሙጫ ብቻ ናቸው የማይጠይቁኝ። እሳቸው በዓመት አንዴ ቢወራረዱ ነው። ማሰሮአቸውን እያማሰሉ ዝም ብለው ያዳምጣሉ።

ለማጣበቂያው ይኼን ብለዋል፤ ውሃ ሳይነካው መጀመሪያ ዘይት ቀቢው፣ ይደር፣ ከዚያ ሳሙና።

እንግዲህ ሁሉም ነገር ደህና ነው። አንድ ነገር ብቻ አለች። ትንሽ ናት።

ደብዳቤዎችሽን ደግሜ አነበብኳቸው። ማንበብ የቻለ ሰው ጣጣው ይኸው ነው፣ ይደግማል። ጸሐፊው ሲያነብልኝ አንዴ ሰምቼ በሰላም እተኛ ነበር። አሁን ግን ስቆጥረው ግድግዳው ከእኔ ይበልጥ ተጠርቷል። ጉልበቱ አለ። ትከሻው አለ። የትከሻው ሽታ ሳይቀር አለ! እኔ ባልሽ ከእግር እስከ ራሴ ቫርኒሽ እሸታለሁ፤ ስለ እኔ ሽታ አንድ መስመር ተጽፎልኝ አያውቅም። በቀኝ በኩል አይወድቅም አልሽ። እኔ በየት በኩል እንደምወድቅ ታውቂያለሽ? በቀኝ በኩል ነው። ባለፈው ሳምንት ከመሰላሉ ወደቅኩ፤ አልጻፍኩልሽም እንጂ። እሺ፣ ከመጀመሪያው እርከን ነው።

ብቻ አሁንስ እንዴት ነው ሰውየው? ተሻለው? ለውርርዱ ስል ነው የምጠይቀው።

እኔም ጋ ወሬ አልጠፋም። ማታ ትምህርት ቤት ከእኔ ጋር በአንድ ወንበር የምትቀመጥ ሴት አለች። ቀይ ሻርፕ ታደርጋለች፣ ከአንገቷ አውልቃው አታውቅም። ላጲሴን ትዋሰኛለች። ኦቾሎኒ ይዛ ትመጣና ለእኔ ትሰጠኛለች። "እንዳንተ የሚጽፍ ሰው አላየሁም" ብላኛለች፣ ይሄ የእኔ ቃል አይደለም። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ደክሟት ኖሮ ትከሻዬ ላይ ጋደም አለች። ምን ላድርግ፣ ትምህርቱ ከባድ ነው። ምንም የማልደብቅሽ ሰው ስለሆንኩ ነው የነገርኩሽ።

ባለ መጋቢቱ


ጥር 25

ይድረስ ለትከሻው ባለቤት፣

መጋቢትን በማግኘትህ ደስ ብሎኛል። አሁን የምንፈልገው ነገር እጃችን ላይ አለ፤ ከእንግዲህ አትወራረድ። ጠንክረህ ያዛት።

ስለ ግድግዳው ጻፊልኝ ያልከው አንተ ነህ። ስጽፍልህ ትቆጣለህ፣ ተቆጥተህ ሳታበቃ መልሰህ ትጠይቃለህ። ለመጨረሻ ጊዜ ልመልስልህ። ድኗል። ሁለቱም ጉልበቱ እኩል ተፋቀ፣ ቅባቱም የለም። ከእንግዲህ ስለ እሱ አትጠይቀኝ።

የጋሽ ሙጫ ዘይት ሠርቷል። እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ።

አዳራሹ ወረቀቱን ሰጥቶኛል። በካውያው ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። መርፌ ለማውጣት መሳቢያውን በከፈትኩ ቁጥር ፊት ለፊቴ ነው። ቤት፣ ደመወዝ፣ ሁሉም ተጽፏል። አንተ ብቻ የለህበትም።

ባለ ቀይ ሻርፕዋ ላጲስ የላትም? ከእኔ ነው በልና አንድ ግዛላት። ኦቾሎኒም መውደድ ጀመርክ ማለት ነው። እኔ ሳቀርብልህ ጥርስህ ውስጥ ይገባ ነበር።

ሚስትህ (ስሙ ካልተለወጠ)


የካቲት 14

ይድረስ ለውዷ፣ ለምወድሽ፣ ለማከብርሽ፣ ከዓይኔ ብሌን ለማላሳንስሽ ሚስቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እጅሽ እንዴት ነው? አለቃሽ እንዴት ናት? ማሽኑ እንዴት ነው? እዚህ ሁሉም ሰው ደህና ነው። መጋዘን ጠባቂው ደህና ነው፣ በር ሠሪው ደህና ነው፣ ያ ዓምና የተመታው አናጢም ፀጉሩ በቅሎለታል። የአየሩ ነገር ምን ልበልሽ፣ አንዳንዴ ይሞቃል፣ አንዳንዴ ይበርዳል። ሸሚዙን ከመስኮቱ ላይ አንሥቼ አጥቤዋለሁ። አጠባ እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ይቅርታ። ስለ ሸሚዙ ብቻ አይደለም፣ በጠቅላላው ይቅርታ። ሰው ሲጽፍ አንዳንዴ እንዲሁ ይቅርታ ማለት ያምረዋል።

ትምህርቱ ጥሩ ነው። አሁን አራት ነጥብ የት እንደሚገባ ከአስተማሪዋ ጋር እከራከራለሁ።

በኋላ በላክሻት አጭር ወረቀት ቲኬት ቆረጥክ ወይ ብለሻል። መንገዱ ረጅም ስለሆነ አስቀድሞ መቁረጥ ጥሩ ነው፤ በዚህ እስማማለሁ። ተራው ደህና ነው ወይ ብለሻል። ተራው በጣም ደህና ነው። ተራ ምን ይሆናል? አስተማማኝ ሰው እጅ ነው ያለው።

እንግዲህ ወረቀቱ አልቆብኝ ነው እንጂ ብዙ የምጽፈው ነበረኝ። ግድግዳውን እንኳን ደስ ያለህ በዪልኝ፤ ቅዳሜ የሰባት ሜትሯን ቅጣት ምት በግራ እግሩ አወጣት ብሎ ሬዲዮኑ አሁንም እያወራ ነው።

የማይረሳሽ

ትንሽ ቦታ ተረፈ። አስተማማኝ ሰው ያልኩት ጋሽ ሙጫን ነው። የእሳቸው ሐምሌ እኔ ጋ አለ።


የካቲት 28

ይድረስ ለአቶ ሐምሌ፣

ደብዳቤህን ከታች ወደ ላይ ነው ማንበብ የነበረብኝ።

እንግዲህ እኔው ልበለው፣ አንተ ከአፍህ ካልወጣልህ። ድኗል ብዬ ጻፍኩልህ። አትወራረድ ብዬ ጻፍኩልህ። እንዴት እንደሆነ ይታየኛል፤ ጋሽ ሙጫ ዓመቱን ሙሉ ዝም ብለው ቆይተው "ግድግዳው ይቆማል" ሲሉ፣ አንተ ተነሥተህ "አይቆምም" አልክ፤ ወደ እኔ የምትመጣበትን ተራ አስያዝክ። ምስጢሩን የነገርኩህ እኔ፣ ምስጢሬን ከአንተ አፍ ሰምተው ያሸነፉት እሳቸው። "ልብህን ቤትህ ትተኸው ና" ብሎ የሚያስተምረው ሰውስ የት ሄዶ ነበር?

ቀናህ። ሌላ ስም የለውም።

አሁን በማን እንደቀናህ ልንገርህ። ወገቡን ሁለቴ አስፍቼለታለሁ፤ ግድግዳ የተባለው ኳስ ስለሚመልስ ብቻ መሰለህ? የሚያወልቀውን ሱሪ ወደ ቅርጫቱ በእጁ አንሥቶ አያውቅም፣ በእግሩ ነው የሚገፋው። ከከንፈሩ ምስጋና ወጥቶ አያውቅም። ደረጃው ላይ ሲያልፈኝ ልብስ መስቀያ ያለፈ ነው የሚመስለው። ጉልበቱን የማውቀው አንተ ጠይቀኸኝ ነው። ካልጠየቅከኝ ሱሪው ሱሪ ነበር።

የእኔንም ስማ፤ የምትቀናው አንተ ብቻ አይደለህም። እኔ እዚህ ምድር ቤት ቀይ ነገር ባየሁ ቁጥር እጄ ይቆማል። የአሠልጣኙ ሹራብ ቀይ ነው። ባለፈው ሳምንት ከነጮቹ ማሊያዎች ጋር በሙቅ ውሃ ከተትኩት። በስሕተት ነው አልኳቸው። ስሕተት አልነበረም፤ ትከሻህ ላይ ስለምትጋደመዋ እያሰብኩ ነበር። አሁን ቡድኑ በሙሉ ሮዝ ለብሶ ይጫወታል። ማንም አልሣቀም፣ እኔም አልሣቅሁ።

ጫጩቴ፣ በብርድ ቀን እግርህን እግሬ ሥር ወሽቀህ የምትተኛው ጫጩቴ፣ ያለ አንተ እግሬ አይሞቅም።

መጋቢት ሲያልቅ ወረቀቱ ወይ ይፈረማል ወይ ይቀደዳል። ብቻዬን ከወሰንኩ እፈርማለሁ። ይህን ስልህ ላስፈራራህ አይደለም። ብቻዬን ስሆን ራሴን ስለማውቀው ነው።

ሚስትህ


መጋቢት 21፣ በእጅ የሚደርስ

ይድረስ ከዚህ ደረጃ በታች ላለችው ሚስቴ፣

ይህን የምጽፈው ከእናንተው አዳራሽ መግቢያ ላይ ተቀምጬ ነው። ዘበኛው "ሥራ ሳትጨርስ ማንም አይወርድም" አለኝ። ባሏ ነኝ ብለው መታወቂያዬን አገላብጦ አየና "ታዲያ ባሏ ከሆንክ መጠበቅ ትችላለህ" አለኝ። ደብዳቤውን ግን አወርድልሃለሁ ብሏል። ስለዚህ አንብበሽ ጨርሺና ውጪ። ወረቀቱን ከመሳቢያው አታውጪው፤ መጀመሪያ እኔን አስገቢኝ።

እንዴት መጣህ ትያለሽ።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ጋሽ ሙጫ ጋ ሄድኩ። "ጋሼ፣ ተራዬን ይመልሱልኝ፣ ሚስቴ ልትፈርም ነው" አልኳቸው። ማሰሮአቸውን እያማሰሉ "በልመና አይመለስም፣ የቤቱ ሕግ አይደለም፤ እንወራረድ" አሉ። "በምን? ጨዋታው እንደሆነ አልቋል" አልኳቸው። እንዲህ አሉኝ፤ "የሚስትህን ደብዳቤ በሻይ ሰዓት፣ ሁሉም ባለበት፣ ወንበር ላይ ቆመህ ሙሉውን ታነበዋለህ። አትችልም ነው የምለው። ከቻልክ መጋቢትን ይዘህ ሂድ። አንድ መስመር ከዘለልክ እንደገና ከላይ ትጀምራለህ።"

እኔ ማን ነኝ? በአደባባይ ማንበብ ያቅተኛል? ደግሞስ ብዘል ማን ያውቅብኛል ብዬ ነው፤ ማንበብ የሚችለው ጸሐፊው ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ቢሮው ውስጥ ነው።

ወንበር ላይ ወጣሁ። የእኛ ወንበር ነው፣ አይሰበርም። "ይድረስ ለአቶ ሐምሌ" ስል ገና ከዚያው ሣቁ ጀመረ። "ቀናህ" የሚለው ላይ በር ሠሪው ሻዩን በአፍንጫው አወጣው። ስለ ሱሪው ሳነብ አለቃም ከቢሮው ወጥቶ ቆመ። ጆሮዬ ጋለ፤ ግን ቀጠልኩ። ከዚያ ያቺ መስመር መጣች። ታውቂያታለሽ። ስለ እግሬ የጻፍሽው። ዓይኔን ወደ ታች ጣል አደረግኩና "መጋቢት ሲያልቅ ወረቀቱ" ብዬ አለፍኳት።

"ዘለልክ" አሉ ጋሽ ሙጫ። ለካ ከኋላዬ ቆመው ወረቀቱን ያያሉ።

"ኧረ አልዘለልኩም ጋሼ።"

ጣታቸውን ደብዳቤው ላይ አሳረፉ። "ጫ..." አሉ። "ጫ ... ጩ ... ቴ።"

ማንም ወዲያው አልሣቀም። መጋዘን ጠባቂው "ጋሽ ሙጫ ማንበብ ይችላሉ እንዴ?" አለ። እሳቸው ላብ በላብ ሆነዋል። "እየቻልኩ ነው" አሉ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሣቅ አልነግርሽም፤ ከእንግዲህ እዚያ ቤት በስሜ የሚጠራኝ የለም። ትናንት የሸኘኝ የከባድ መኪና ሹፌር ሳይቀር "በሰላም ግባ ጫጩቴ" ብሎኛል።

ከላይ ጀምሬ እንደገና አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ እየሣቀ ያዳመጠኝ ሰው አልነበረም። "ብቻዬን ከወሰንኩ እፈርማለሁ" የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት። አቧራ ነው፤ እንጨት ቤት ነው። ጨርሼ ስወርድ ጋሽ ሙጫ "መጋቢትን ውሰድ" አሉኝ። "ለምን ይህን አስደረጉኝ ጋሼ?" ስላቸው "በምረቃው ቀን እኔም ሰው ፊት ቆሜ አነባለሁ። ሰው እንዲህ አድርጎ ይሞት እንደሆነ ላየው ፈልጌ ነው" አሉ። "ታዲያ?" አልኳቸው። "አንተ አልሞትክም" አሉኝ።

አሁን እዚህ ስቀመጥ አንድ ሮዝ ማሊያ የለበሰ ሰው በደረጃው መጣ። ደረጃውን ሞላው። ጎን ለጎን ማለፍ ስላልተቻለ እኔ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ፤ ማለቴ እውነተኛው ግድግዳ ላይ። "ማንን ነው?" አለኝ። "ሚስቴን፣ ልብስ አጣቢዋን፣ ምድር ቤት ያለችውን" አልኩት። "ምድር ቤት ሰው አለ እንዴ?" አለኝ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ይህን ሰው ብዬ መጋቢትን አስያዝኩ! ለቅናቴ እንኳን የማይበቃ ሰው። አሁን የተናደድኩት በሌላ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ጉልበቱን ያወቅሽለት ሰው መኖርሽን አለማወቁ ነው ያናደደኝ።

ሌላም ያየሁት ነገር አለ። የተቀመጥኩበት አግዳሚ ቫርኒሹ ተልጧል። ከጎኑ ያለውም። ወደ አዳራሹ በበሩ ቀዳዳ አየሁ፣ ሁሉም ተልጠዋል። ቫርኒሽ ቀቢ የላቸውም? እያሰብኩ ነው። ግን በደብዳቤ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ከመውጣትሽ በፊት ግን የመጨረሻዋ ነገር ትቅደም፤ ፊትሽን እያየሁ ልናገራት አልችልም።

አብሮኝ በአንድ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው አለ፣ እውነት ነው። ቀይ ሻርፕ አለ፤ ለጉሮሮ ሕመም ነው። ላጲሴን መዋስም አለ። ኦቾሎኒውም አለ፤ ጥርሳቸው ስለማይሰብረው ነው ለእኔ የሚሰጡኝ፣ እኔም እስካሁን ጥርሴ ውስጥ ይገባል። "እንዳንተ የሚጽፍ ሰው አላየሁም" ማለትም አለ፤ ቀጥለው "ቀለም የረገጠ ዶሮ የሄደበት ይመስላል" ማለታቸውን ነው የተውኩት። ትከሻዬ ላይ መጋደምም አለ፤ እንዲያውም ያንኮራፋሉ። ጋሽ ሙጫ ናቸው። በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ቆጠረ ተብሎ እንዳይሣቅብኝ፣ ለማንም አትንገር ብለው አስምለውኝ ነበር፣ ለሚስትህም ቢሆን። አሁን ራሳቸው ሰው ፊት ስላነበቡ መሐላው ፈረሰ፤ ያን ያህል ማንበብ መቻላቸውን ግን እኔም አላወቅኩም ነበር።

ሻርፑን ሰጥተውኛል፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። እኔን ማመን ካቃተሽ እሱን ጠይቂው፤ ልብስ ለአንቺ ዋሽቶ አያውቅም። አንገቱ ጋ ሙጫ ጠብ ብሎበታል፣ ጫፉ የሽማግሌ ሳል መድኃኒት ይሸታል፣ ውስጡ የኦቾሎኒ ልጣጭ አለ።

እሳቸውን ሴት ማድረጌ ብቻ ነው የእኔ ፈጠራ።